ማሬ መሲና አይደለችም

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ ላይ ሥልጠናዬን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም በገባሁ ማግስት ነው። ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው፤ በደመወዝ ወረቀት ላይ «አዳቃይ ቴክኒሽያን» ይባላል። አለቃዬ ጋሽ ልየው እዚያው ወረዳ ላም ሲያዳቅሉ የሸበቱ ሰው ነበሩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የናይትሮጅኑን ኮንቴይነር አንሥተው አሸከሙኝና «ይህን ከጣልሽው ወደኔ አትመለሽ፤ በዚያው ቡሬሽ ግቢ» አሉኝ።

ኮንቴይነሩ ለሚያየው የወተት ቢዶን ይመስላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ግን ሥጋ ከነካ እንደ እሳት የሚፈጅ ብርድ ነው። የኮርማው አባላዘር ቀሰም በምታህል ቱቦ ታሽጎ እዚያ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭስ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን የሄድንበት ቤት ባለላሙ ጭሱን አይቶ አማተበና ወደ ጋሽ ልየው ዞረ።

«ሐኪሙ የት አለ?»

ጋሽ ልየው በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ።

«እሷ? ሴት ልጅ?»

«ላምህም ሴት ናት፤ ይግባባሉ» አሉት።

ሰውየው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጨረስሁ እስክል ድረስ አልዞረም። እኔም ስቄ አለፍሁት። ይህ የይሉኝታ ነገር በኋላ ምን ያህል እንደሚያንገበግበኝ መች አወቅሁና!

ሳምንት ሳይሞላ የገጠሩ ልጆች ስም አወጡልኝ። ሞተሬ ገና ከሩቅ ሲሰማ «ኮርማዋ መጣች! ኮርማዋ መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ። እናቴ ይህን ሰምታ «አለቀላት፣ ይችን ልጅ ማን ያገባታል» ብላ አለቀሰች። ያገባኝ ተገኘ፤ ለዚያውም ባለ ሁለት ላም። እኔ እንደሆን ስሙን ወድጄው ነበር። ኮርማዋ መባል ቀላል ነገር ነው እንዴ!

ለማያውቅ ሰው ሥራውን ልንገር። ግራ እጄን እስከ ትከሻዬ በጓንት አለብሳለሁ፣ በሳሙና ውሃ አለዝባለሁ፣ ከዚያ በላሟ ኋላ በአንጀቷ በኩል አስገባለሁ። በአንጀቷ ግድግዳ ላይ ሆኜ የማህፀኗን በር እፈልጋለሁ፤ የዶሮ አንገት የሚያህል ጠንከር ያለ ነገር ነው። በቀኝ እጄ «ጋን» የምንለውን ረጅም ቀጭን ብረት በሌላው መንገድ እሰዳለሁ። ግራ እጄ በሩን ይይዛል፣ ቀኝ እጄ ብረቱን ያሳልፋል። ሲያልፍ በእጅ ይታወቃል። ያን ጊዜ አባላዘሩን ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ላሟ ብትራገጥ፣ ጭራዋ ዓይኔን ቢገርፈኝ፣ እጄን አላወጣም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ጊዜው ካለፈ ከንቱ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት አጭር ነው። ጠዋት የታየባት ማታ፣ ከሰዓት በኋላ የታየባት በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ካመለጠ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ የሚደውል ሰው ደሜን ያፈላው ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብዬ ስልኩ ላይ እጮህበታለሁ። ገበሬውም አይቀየመኝም፤ «እውነትሽን ነው፣ ግን ነይ» ይለኛል። እሄዳለሁ፤ ምን ላድርግ!

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ አንድ መንደር አለ። ሰዉ «ማዶ» ይለዋል። በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ ያመርታል። የግጦሽ መሬቱ እያነሰ ስለሄደ ከብቱ የሚጠበቀው በተራ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ቤት፣ ነገ የሌላው። ባለተራው የመንደሩን ከብት ሁሉ ነድቶ ወጥቶ፣ ሲመሽ ለየቤቱ ይመልሳል። የማዶ ሰው ድቅል ጥጃ ማየት ከጀመረ ወዲህ ወይፈኖቹን ሁሉ አኮላሽቶ ነበር። ኮርማ ሲሉ እኔን ነው።

እትዬ አገሬ የዚህ መንደር ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው ጥሩ መሬትና ማሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረች። በሬ አልነበራቸውም። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ እሳቸውም ለዋርሳቸው፣ ለባላቸው ወንድም ለአያ ዘለቀ ሰጡ። አያ ዘለቀ ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ከምርቱ እኩሌታውን ይወስዳሉ። ደንቡ ነው፤ ማንም ማንንም አልበደለም። ብቻ የቱ ማሳ በቆሎ፣ የቱ ማሳ በርበሬ ይሁን ብሎ የሚወስነው በሬ ያለው ነው። እትዬ አገሬ በገዛ መሬታቸው ላይ ምን እንደሚዘራ የሚያውቁት ሲበቅል አይተው ነበር።

ተስፋቸው ማሬ ነበረች። ድቅል ጥጃ ከወለደችላቸው ወተቱን ማለዳ ማለዳ ፍኖተ ሰላም ሊያደርሱ፣ ከወተቱ ጥማድ በሬ ሊያወጡ አስበዋል። ይህን ሲነግሩኝ እጄን ጥብቅ አድርገው ይይዙኛል።

«ብርቄ፣ አንድ ጥጃ! አንዲት ሴት ጥጃ ብቻ ስጭኝ! ከዚያ ወዲያ ማን ይችለኛል?»

ማሬ ግን አልይዝ አለች። አዳቀልኋት፣ ተመለሰች፤ ማለት ሳትይዝ ቀርታ እንደገና ኮርማ ፈለገች። ደገምሁ፣ ተመለሰች። ሠለስሁ፣ አሁንም ተመለሰች። የጎረቤቶቿ ላሞች በዚሁ እጄ፣ ከዚሁ ኮንቴይነር ወጥቶላቸው ይይዛሉ። እሷ ብቻ!

አያ ዘለቀ አንድ ቀን እኔው ባለሁበት ነገሩን አወጡት። «አገሬ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ እኮ። ይች ላም መሲና ናት፤ መቼም አትወልድ። ሥጋዋ ሳይጎዳ ለፋሲካ ቅርጫ እንሽጣትና አንድ በሬ ግዥበት። ከኔ በሬ ጋር ይጠመዳል።» ክፉ ምክር አልነበረም። መሲና ላም ሣር ከመፍጀት ሌላ ምን ትሠራለች? ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ከአያ ዘለቀ በሬ ጋር ከተጠመደ ሞፈሩም ውሳኔውም እዚያው አያ ዘለቀ ቤት ይቀራል። እትዬ አገሬ ይህ ገብቷቸዋል። እስከ ወንዙ ሲሸኙኝ «ማሬ ከሄደች እኔም አበቃልኝ» አሉኝ።

ጋሽ ልየውን አማከርኋቸው። «ከዚህ በላይ አትሞክሪ፤ አባላዘር በከንቱ አይፈስም» አሉ።

«ማህፀኗ ጤነኛ ነው ጋሼ፤ ደጋግሜ ዳስሼዋለሁ።»

«ጤነኛ ሆኖ የማይዝም አለ።»

«ምክንያት ሳይኖረው?»

«ምክንያቱን እግዜር ያውቃል» ብለው ሞተራቸውን አስነሡ። ተናደድሁ! እግዜር የሚያውቀውን እኔም ማወቅ አማረኝ።

በማግስቱ ከብቱ ወደሚሰማራበት ሜዳ ወጣሁ። ጥር ነበር፤ ሜዳው ደርቋል፣ ከብቱ በየእርሻው የቀረውን የበቆሎ አገዳ ይለቅማል። ባለተራው ታከለ የሚባል ገና ጎጆ የወጣ ጎልማሳ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ታከለ፣ ባለፈው ማሬ ኮርማ ስትፈልግ ተራው የማን ነበር?»

«የኔው ነበር።»

«መቼ ነው ያየሃት?»

«ከሰዓት በኋላ። ሌሎቹ ሲወጡባት ቀጥ ብላ ቆመች። እሷ እንደሆን ጸጥተኛ ናት፤ አትጮህም፣ ገመድ አትበጥስም። ካላዩአት አትታወቅም።»

«ታዲያ ከብቱን ስትመልስ ለእትዬ አገሬ ነገርሃቸዋ?»

ታከለ እንደተሰደበ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። «እኔ? በምሽት ባል የሞተባት ሴት ደጅ ቆሜ ይህን ልናገር? ምን ነክቶሻል ብርቄ! ሰውስ ምን ይለኛል?»

«እሽ፣ ለማን ነገርህ?»

«ለአያ ዘለቀ ነዋ፤ ባለተራው ሁሉ የሚነግረው ለሳቸው ነው። ዋርሳዋ ናቸው፤ እሳቸው ያድርሱላት።»

ከዚያው ተነሥቼ አያ ዘለቀ ዘንድ ሄድሁ። አውድማ ላይ ነበሩ፤ ላይዳቸውን ተደግፈው ሰሙኝና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ለወንድሜ ሚስት እንዲህ ያለ ነገር ከኔ አፍ ይወጣል? ለባለቤቴ ነገርኋት እንጂ።» መቼ ነገሯት? በማግስቱ ማታ፣ ከአውድማ ገብተው ትዝ ሲላቸው። ባለቤታቸውስ ለእትዬ አገሬ መቼ አደረሱ? በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ውሃ ሲቀዱ ተገናኝተው። እትዬ አገሬም በሰሙበት ደቂቃ ይደውሉልኛል። «ዛሬ ናት፣ ድረሽ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የሰሙት ዛሬ ነዋ!

የሌላው ሰው ላም ለምን እንደምትይዝ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ባለተራው ወንድ ለባለላሙ ወንድ ማታውኑ በር ላይ ይነግረዋል። የእትዬ አገሬ ወሬ ግን በሦስት ሰው እፍረት ውስጥ አልፎ ሲደርስ ላሟ ካለፈላት ቆይቷል። አውድማው ዳር ቁጭ ብዬ በሳቅ ፈረስሁ። ሳቁ ሲያልቅ ንዴቱ መጣ።

እትዬ አገሬ በርበሬ እየቀነጠሱ አገኘኋቸው። ነገሩን ከነሰንሰለቱ ነገርኋቸው። እጃቸው ቆመ።

«እኔን አክብረው ነው እንዲህ ያደረጉት?»

«አክብረው ነው እትዬ።»

«እንዲህ ያለ አክብሮት ገደል ይግባ!» ብለው በርበሬውን ከነሰፌዱ ወዲያ ገፉት። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው ለእሑድ ማጠብ ጀመሩ። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም፤ ብቻ «እሑድ እንዳትቀሪ» አሉኝ።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የማዶ ሰው ሰንበቴ ተቀምጧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር እትዬ አገሬ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ።

«አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይቅር በሉኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ላሜ ኮርማ ስትፈልግ ንገሩኝ! ደጄ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ መንገድ ላይ ንገሩኝ፣ መግባቱ ካሳፈራችሁ ከጋራው ላይ ሆናችሁ ጩኹ። እኔ አላፍርም። እናንተ ስታፍሩልኝ ላሜ ልትታረድ ነው!»

ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። አያ ዘለቀ ዋንጫቸውን እያዩ «ዝም አይነቅዝም ይባላል» አሉ ለራሳቸው ያህል።

ሰንበቴውን የሚባርኩት ሽማግሌው ቄስ ሰሟቸው። «እውነት ነው ዘለቀ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉ። «አይወልድምም።»

ኧረ የዚያን ዕለት ሳቅ! ታከለ ጠላው ትን ብሎት ጀርባውን ደበደቡት። አያ ዘለቀም መሳቅ ሳይወዱ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ «በሉ እሽ» አሉ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞከር። እስከ ፋሲካ ካልያዘች ግን ለቅርጫ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ እንዳትይዥኝ አገሬ።» እትዬ አገሬም «እሽ አያ ዘለቀ» አሉ። ቃል ተገባ። የቀረችን አንዲት ዕድል ነበረች።

ቀኑ የቅበላ ሳምንት ላይ ዋለ። እኔ ናይትሮጅን ልሞላ ቡሬ ነበርሁ። ከሰዓት በኋላ ገና ኮንቴይነሩን ተረክቤ ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

«ብርቄ! አያ ዘለቀ ጮኹ!»

«እትዬ አገሬ ነዎት? ምን ሆነው ጮኹ?»

«ምን ይሆናሉ! ተራው የሳቸው ነው። መስመሩ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ጋራው ላይ ቆመው ‹ኧረ አገሬ! ኧረ አገሬ! ላምሽ ኮርማ ፈለገች!› እያሉ አገሩን አናወጡት! እስካሁን አላቆሙም፣ ስሚው!» ብለው ስልኩን ወደ ውጭ አወጡት። እውነትም ከሩቅ የአያ ዘለቀ ድምፅ ይሰማል። ውሻ ይጮኻል፣ ሰው ይስቃል።

ኮንቴይነሩን ከሞተሬ ኋላ ጠፍንጌ አሰርሁና ተነሣሁ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም! በቆሎ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል፤ ገበያተኛው ከነአህያው አስፋልቱን ይዟል። ጥሩንባዬን አልለቀቅሁም። አንዱ ባለአህያ «ምን ተቃጠለብሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ላም!» አልሁት። ከፍኖተ ሰላም አልፌ አስፋልቱን ስለቅ አቧራው ዋጠኝ። ወንዙን ከነሞተሬ ዘልቄ፣ ጫማዬ ውሃ እንደሞላ ማዶ ገባሁ።

መንደሩ በሙሉ እትዬ አገሬ ግቢ ነበር። ታከለ ሙቅ ውሃ በጆግ ይዞ ቆሟል። የማሬን ቀንድ የያዙት ራሳቸው አያ ዘለቀ ናቸው፤ ድምፃቸው ጠፍቶ ሹክሹክታ ሆኗል። ፊቱን ያዞረ ሰው የለም። እንዲያውም ከብበው አላፈናፍን አሉኝ። «ጎበዝ፣ አየር ስጡኝ!» ብዬ ተቆጣሁ። ቱቦዋን አወጣሁ፣ ሙቁ ውሃ ውስጥ ነክሬ አለሰለስሁ፣ ጋኑ ላይ ገጠምሁ፣ ጓንቴን አጠለቅሁ። ማሬ አንድ ጊዜ ወገቧን አጎበጠች፤ ከዚያ ጸጥ አለች። በሩን ያዝሁ። ብረቱ አለፈ። ቀስ ብዬ ገፋሁ።

«ገባ!» አልሁ። እትዬ አገሬ የግቢያቸውን አፈር ሳሙ።

ከዚያ የመጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ነገሩ ተፈቀደ ሲባል የማዶ ወንድ ሁሉ ወሬ አቀባይ ሆነ። ባለተራው ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «አገሬ፣ ዛሬ ምንም የለባትም!» ብሎ ይጮኻል። የማይመለከተው ሁሉ «ዛሬም ደኅና ናት!» ይላል። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ማሬ አልተመለሰችም። እትዬ አገሬ በየቀኑ ይደውላሉ። «ይዛለች በይኝ» ይሉኛል። «ሳልዳስስ አልልም» እላቸዋለሁ። የኔም እንቅልፍ ጠፍቷል።

የሆሳዕና ሳምንት ገባ። የቅርጫ ላም ፈላጊዎች በየመንደሩ መዞር ጀምረዋል፤ ማሬን ሁለቴ አይተዋት ሄደዋል። እኔ ልመረምራት ስሄድ ጋሽ ልየውም «ልይልሽ» ብለው መጡ። እጄን አስገባሁ። ማህፀኗን አገኘሁ፤ አንዱን ወገን ያዝሁ፣ እንደ ወትሮው ቀጭን ነው። ወደ ሌላው ወገን አለፍሁ። ወፍሯል! በጣቶቼ ቀስ ብዬ ገፋ ሳደርገው ውስጡ ውሃ የቋጠረ ነገር ይሰማል። ጥርጥር እንዳይኖር ደገምሁ።

«ይዛለች!» ብዬ ጮህሁ፤ እጄ ገና ላሟ ውስጥ ነበር።

እልልታው! እትዬ አገሬ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፣ እበቱም ጓንቱም ነጠላቸውን ለቀለቀው። ጋሽ ልየው በራሳቸው እጅ ዳስሰው ራሳቸውን ነቀነቁና «እሰይ ልጄ» አሉኝ። አለቀስሁ። ምን ይደረግ፣ አለቀስሁ።

ሰዉ ሲበተን አያ ዘለቀን ከአጥሩ ሥር አገኘኋቸውና በልቤ የነበረውን ጠየቅሁ። «አያ ዘለቀ፣ ያን ዕለት ዝም ቢሉ ማንም አያውቅብዎትም ነበር። ላሟ ትሸጣለች፣ በሬውም ካሰቡት ቦታ ይጠመዳል። ምነው ጮኹ?»

«ተራዬ ነበራ» አሉ። «በተራ የወጣ ከብት የኔ አይደለም፤ ያየሁትን ማታ አስረክባለሁ።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «ደግሞ ማፈሬ ካልቀረ አንዴ ጮኼ ልፈር ብዬ ነው።»

ማሬ ኅዳር ላይ ወለደች። ሴት! ጥቁርና ነጭ፣ እግሯ ረጃጅም። ወተቱ ፍኖተ ሰላም ወረደ፤ ማሬ ደገመች፣ ጥጃዋም አድጋ ወለደች። እትዬ አገሬ ቆይተው ጥማድ በሬያቸውን ገዙ። በገዙበት ዓመት ክረምቱ ሲቃረብ ማዶ ነበርሁ። አያ ዘለቀ ጠዋት በእትዬ አገሬ በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ የሚያርሱላቸው አሁንም እሳቸው ናቸው፤ በሬዎቹ ግን የእትዬ አገሬ ሆነዋል።

«አገሬ» አሉ፣ «በርበሬውን የት ማሳ ላይ ታደርጊዋለሽ?»

እትዬ አገሬን ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ከግቢው ወጥተው መሬታቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ፤ አያ ዘለቀም ቆመው ጠበቋቸው። «ከታች፣ ከወንዙ አፋፍ» አሉ በመጨረሻ።

ከኔ በኋላ ኮንቴይነር ለምትሸከሙ የምለው አንድ ነገር ነው። ላም አልይዝ ስትላችሁ ማህፀኗን ዳስሱ፤ ጤነኛ ከሆነ ግን ወሬው በማን በማን አልፎ እንደደረሳችሁ ጠይቁ።